ለፀደንያ አርባ የተጻፈ ወረቀት

«የሒሳብ ባለሙያ ነበረች ተብሎ ሲነበብ እኔ አፌን በነጠላዬ ነው የያዝኩት» አለች ጎረቤታቸው ማዕዛ፣ ነጭ ሽንኩርቱን በጥፍሯ እየላጠች። «ሒሳቧን እንጃ። ጩኸቷን ግን ከአያት እስከ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ያልሰማ የለም።»

ከጎኗ ድንች የምትልጠው ውባንቺ ሳቋ አመለጣትና ወዲያው መልሳ ዋጠችው። «ተይ እንጂ ማዕዚ፣ ተዝካር ላይ ነን።»

«ምን አልኩ? ነፍሷን ይማር። ዘፈን ግን እኔ የማውቀው የሚያባብል ነው። የእሷን ስሰማ ሰው ድረሱልኝ የሚል ይመስለኛል፤ መድረስ ደግሞ አልችልም።»

ማስተዋል ይህን ሁሉ የሰማችው ከግድግዳው ማዶ፣ በሁለት እጇ የብርጭቆ ሳጥን ተሸክማ ቆማ ነበር። የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ሁሉ «ኮሚናል» የሚለው የጋራ ሕንፃ ሠርግም ክርስትናም ሐዘንም የሚስተናገድበት ባለ አንድ አዳራሽ ቤት ሲሆን፣ በስተጀርባው ድስት የሚጣድበት ጣሪያ የሌለው ጠባብ ግቢ አለው። እኅቷ ፀደንያ ከሞተች ዛሬ አርባ ቀኗ ነው። ማለዳ ፍትሐቱ ተደርሶ ዘመድ ከመቃብሩ ተመልሷል፤ አሁን የቀረው በስድስት ሰዓት ለሚመጣው ሰው ምግቡን ማድረስ ነበር። ማስተዋል ገብታ ሁለቱን ሴቶች መገሠጽ እንደምትችል ታውቃለች፤ በሐዘን ቤት ማንም አይቃወማትም። እግሯን ያሰረው ግን ስድቡ አልነበረም። ማዕዛ የሳቀችበትን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ራሷ ማስተዋል ነበረች።

የቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩን እንድትጽፍ ያዘዟት አባቷ ነበሩ። በቤቱ ማመልከቻም ሆነ አቤቱታ ሲጻፍ ብዕሩ የሚሰጠው ለእርሷ ነው፤ ሕግ አጥንታ ከክፍሏ አንደኛ ሆና የተመረቀች ልጅ ናት። የምትጽፈውን አባቷ ቆመው ነገሯት፦ የተወለደችበት ዓመት፣ የተማረችባቸው ትምህርት ቤቶች፣ በሒሳብ አያያዝ ያገኘችው ዲፕሎማ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ በአንድ አስመጪ ቢሮ ያገለገለችበት ጊዜ። ያ ጊዜ በጠቅላላው ስምንት ወር ነበር። «ሌላውን ዝርዝር ተዪው» አሏት፤ ተወችው። ወረቀቱ ከመቃብሩ አፋፍ ላይ ሲነበብ ከዘመዱ ኋላ ጥቁር ካናቴራ የለበሱ በርካታ ወጣቶች ቆመው ነበር፤ ንባቡ ሲያልቅ ያልሰሙት ነገር የሚቀጥል ይመስል ዝም ብለው ጠበቁ፤ ከዚያ አፈሩ መውረድ ጀመረ። ማስተዋል ከአርባው ቀን አንዱንም ያን ጥበቃ ሳታስታውስ አልዋለችም። አንድ መምህሯ፣ ሰነድ የሚዋሸው በተጻፈበት ብቻ ሳይሆን በተተወበትም ነው ብሏቸው ነበር፤ ያኔ ይህን ቃል በደብተሯ ላይ በቀይ አስምራበታለች።

በእነዚህ ቀናት ከተማው ስለ ፀደንያ የሮክ ዘፈን ሁለት ሆኖ ሲከራከር ሰንብቷል። በታክሲ ውስጥ ዘፈኗ ሲከፈት አንዱ ጨምረው ሲል ሌላው ዝጋው ይላል። በሬዲዮ አንድ ሰው ደውሎ፣ ያ ሻካራ ጩኸት ከባህላችን የማይገጥም የተዋሰችው ነገር ነው ብሎ ነበር፤ አንዲት ልጅ ተከትላ ደውላ፣ እኔ በልቤ ብቻ የምጮኸውን ጮኻልኛለች ብላ ስልኩን ዘጋች። ሱስ ነው የገደላት የሚሉም አልጠፉም። የገደላት በጠራራ ፀሐይ ከልምምድ ስትመለስ፣ ወደ ሰሚት በሚታጠፈው መንገድ ላይ ፍሬን የበጠሰ የአሸዋ መኪና ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ሳጥኑን አዳራሹ ውስጥ አስቀምጣ ወደ ቤት ወጣች። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። በየደረጃው ወለል ላይ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ነው። ውሃው ሲመጣ ቀድማ የምታየው የዚሁ ፎቅ ጎረቤታቸው ውባንቺ ናት፤ ያኔ ከሰገነቷ ላይ «ውሃ መጣ» ብላ ትጮኻለች፣ ብሎኩም በሙሉ ባልዲውን ይዞ ይወጣል። ፀደንያ ይህንኑ ጩኸት ወስዳ ዘፈን አደረገችው፤ ከሁሉም በላይ የታወቀላት ዘፈን እሱ ነው። ጎረቤቱ ግን እንደ ስድብ ቆጠረው። ድህነታችንን ለሃብታም ልጆች መደነሻ አደረገችው ተባለ፤ ውባንቺም ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ነሥታት ነበር።

አባቷ አቶ እሸቴ በመኝታ ቤቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጥቁር ጫማቸውን ይወለውላሉ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ፋይል አልጠፋባቸውም የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ክፍሉ ሥርዓታቸውን ይመስላል፤ መድኃኒታቸው በመስኮቱ ደፍ ላይ በቁመት ተሰልፏል፣ የልጆቹ የምረቃ ፎቶዎች በአንድ መስመር ተሰቅለዋል። ፀደንያ በፎቶው ውስጥ ጥቁር ካባ ለብሳ፣ ሰው እንድትስቅ ያዘዛት ይመስል በከንፈሯ ብቻ ትስቃለች። ከቁም ሣጥኑ ላይ ያለው ሬዲዮ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደተነቀለ ነው፤ የነቀሉት ዘፈኗ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መሰማት የጀመረ ሰሞን ነው።

«አባባ፣ ዛሬ ስለሚነበበው ላነጋግርዎት ነበር።»

«የቀብሩ አለ አይደለም እንዴ?»

«አለ። ግን ጎደሎ ነው።»

አቶ እሸቴ የወለወሉትን የጫማ አፍንጫ ደግመው ወለወሉት። «ሰው ሰምቶታል። እሱኑ አንብቢ።»

«ሰው እየሳቀብን ነው፣ አባባ።»

«ይሳቅ።»

ማስተዋል ብዙ ልትናገር ትችል ነበር፤ ክርክሯን ለሦስት ቀን በልቧ ስታዘጋጅ ሰንብታለች። ነገር ግን ከአባቷ ጋር ያለው ዝምታ የተለመደ፣ እንደ ቤቱ ዕቃ ቦታው የታወቀ ነበርና ሳትገፋው ወጣች። በቦርሳዋ ውስጥ ትናንት የጻፈችው አዲስ ወረቀት ታጥፎ ተቀምጧል። ፀደንያ ድምፃዊት ነበረች ይላል። ከሁሉ ይልቅ የምትኮራበት አንቀጽ ስለ ድምፅዋ የሚናገረው ነው፤ ያ ከጉሮሮዋ እየተቀደደ የሚወጣ ድምፅ ያቆሰለን መስሎን ነበር፣ ለካስ ቁስላችንን ነበር የነገረን ይላል።

በኮሚናሉ ግቢ እናቷ ምንትዋብ ድስቶቹን ስታማስል ደረሰች። የበሬው ወጥ በሁለት ጎላ ተንተክትኳል፤ ሴቶቹ ሽንኩርት ኪሎው ስንት እንደገባ፣ ዘይቱ ከየት እንደተገኘ እያወሩ ነው። ውባንቺ ቅመም ልታደርግ ጭልፋዋን ከጥግ ወዳለች አንዲት ትንሽ ድስት ሰደደች።

«እሷን አትንኪ» አለች ምንትዋብ ፈጠን ብላ። «የእስላም ናት። ጭልፋዋም ለብቻ ነው።»

ማስተዋል ግራ ገባት። ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ትናንት ለብቻ ታርዶ በየቤታቸው ተልኮላቸዋል። እናቷን ወደ ጓሮው አጥር ሳብ አድርጋ ድስቷ የማን እንደሆነች ጠየቀቻት።

«የሐምዛ ናት። ጊታር የሚመታው። ዶሮዋን የጎረቤታችን የፈቲያ ባል ነው ያረደልኝ።»

«ሐምዛን የት ታውቂዋለሽ?»

ምንትዋብ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ሃያ ሁለት ማዞሪያ ጋ የሚለማመዱበት ጋራዥ አለ። ሦስት ዓመት ያህል ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ዕቃ ይዤ እሄድ ነበር።»

«ሐሙስ ማኅበር ነው የምትሄጂው።»

«ማኅበሩ በወር አንድ ጊዜ ነው» አለች እናቷ። ፊቷ ላይ የተያዘ ሰው እፍረትና ትንሽ ኩራት አብረው ታዩ። «ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ሣጥን ላይ እቀመጥ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘፈኑን አልወደድኩትም። ግን ስትጨርስ ትስቃለች። ቤት ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።»

አራት ሰዎች በሁለት ክፍል ውስጥ አብረው ሲኖሩ፣ እናቷ ለሦስት ዓመት ያህል በየሳምንቱ ወደ ፀደንያ ስትሄድ ማስተዋል አላየችም። የመጣላት ቁጣዋ ነበር። «አባባ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? የሚያፍሩባት እሳቸው ናቸው። ታሪኳን ያስተዉኝም እሳቸው ናቸው።»

«አፍሮ አይደለም» አለች ምንትዋብ።

ከዚያ በኋላ የነገረቻትን በዝግታ፣ እሳቱን እያየች ነገረቻት። ፀደንያ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ታመመች፤ አልበላ አለች፣ የቀመሰችውን ትመልሳለች። ያኔ የሚኖሩት ኮተቤ ነበር። ምንትዋብ ሐኪም ቤት እንውሰዳት አለች። የእሸቴ ዘመዶች ደግሞ እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ካልተቆረጠ ያንቃታል አሉ። አባቷ የሰሙት ዘመዶቻቸውን ነበር። ልጅቷን ታቅፈው እንጥል ወደምትቆርጥ አንዲት ሴት ወሰዷት፣ ራሷን በጉልበታቸው መሐል ይዘው አስቆረጧት። ደሙ እስከ ማታ አልቆመም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ድምፅ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም፤ ሲመለስ ዕድሜ ልኳን እንደዚያ ሆኖ ቀረ።

«በኋላ ያያት ሐኪም ከዚያ ይሁን፣ ተፈጥሮዋ ይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም ብሎታል። እሱ ግን አውቃለሁ ይላል። ልጁ በሬዲዮ ስትጮኽ ሌላው ሰው ዘፈን ነው የሚሰማው፤ እሱ የሚሰማው ያን ቀን ነው።» ምንትዋብ የትንሿን ድስት ክዳን ከፍታ አየችና መልሳ ከደነችው። «ለማንም ተናግሮት አያውቅም። አንቺም እንዳልሰማሽ ሁኚ።»

ማስተዋል አዳራሹ ጥግ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጣ አዲሱን ወረቀት አወጣች። የኮራችበትን አንቀጽ ደግማ አነበበችው። ከጉሮሮዋ እየተቀደደ የሚለውን ሐረግ ስታገኝ፣ ለማስዋብ የመረጠችው ቃል በአባቷ ፊት ምን ሆኖ እንደሚሰማ ታያት። ብዕር አውጥታ አንቀጹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዘችው። ቀሪውን ግን ለመሰረዝ እጇ አልታዘዘም። እኅቷን ሁለተኛ ጊዜ በሕዝብ ፊት የስምንት ወር የሒሳብ ሠራተኛ አድርጋ ብትቀብራት፣ ከዚህ በኋላ የምትጽፈውን ማንኛውንም ነገር እንደማታምነው አወቀች። አባቷንም በሕዝብ ፊት ልታቆስላቸው አትችልም። ሰዓቱ ስድስት ሞላ፤ ሰው መግባት ጀመረ።

ዘመድና ጎረቤት ቦታ ቦታውን ይዞ እንጀራው መታደል ሲጀምር እነርሱ መጡ። ሃያ ያህል ይሆናሉ፤ ጥቁር ካናቴራ የለበሱ፣ አንዳንዶቹ ከባድ ጫማ ያጠለቁ፣ አንዲቱ ልጅ ራሷን የተላጨች። ከበሩ ላይ ተጨናንቀው ቆሙ። ለተዝካር የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ግቡ ያላቸው ሰው ግን አልነበረም። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ተወልደ ወደ አቶ እሸቴ ተመለከቱ፤ አቶ እሸቴ ጫማቸውን ይመለከታሉ። ያኔ ውባንቺ ትሪ እንደያዘች ከመሐል ብቅ አለች።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ለመጮኽ አታፍሩ፣ ለመብላት ታፍራላችሁ?»

አዳራሹ ውስጥ እንደ ትንፋሽ ያለ ሳቅ ዞረ፤ ልጆቹም ገብተው ተቀመጡ። ራሷን የተላጨችው ልጅ እንጀራ ሲቀርብላት ቀና ብላ ውባንቺን ትክ ብላ አየቻት። «እትዬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ውሃ መጣ የሚሉት እርስዎ ነዎት?»

«ማን ነገረሽ?»

«ፀዲ። በድምፅዎ እቀናለሁ ትል ነበር። እኔ ማይክ ይዤ የማደርሰውን እሷ በባዶ አፏ ታደርሰዋለች ትለን ነበር።»

ውባንቺ ለልጅቷ ሳትጠየቅ ሁለተኛ ጭልፋ ጨመረችላት።

ሐምዛ ቀጭን፣ ጺሙ ገና ያልሞላ ወጣት ነው። ምንትዋብ ትንሿን ድስት ራሷ ይዛ መጥታ ከፊቱ አስቀመጠችለትና «ዶሮ ነው፤ የፈቲያ ባል ነው ያረደው፣ አትጠራጠር» አለችው። ሐምዛ እጁን ከታጠበ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወደ ድስቷ እያየ ቆየ። ምንትዋብ የመጀመሪያውን እስኪጎርስ ድረስ ከአጠገቡ አልተንቀሳቀሰችም። ማስተዋል ይህን ካየች በኋላ ዓይኗን ወደ አባቷ መለሰች፤ እሳቸውም ድስቷን አይተዋታል። ፊታቸው ላይ ግን ምንም የመደነቅ ምልክት አልነበረም።

ከምግብ በኋላ አቶ ተወልደ ብርጭቆ በማንኪያ አንኳኩ። ለመጣው ሰው ምስጋና አቅርበው፣ እድሩ ለአርባው ያደረገውን እገዛ ዘርዝረው፣ የሟች እኅት የሕይወት ታሪኳን እንደምታነብ ተናገሩ። ማስተዋል ተነሣች፤ ነገር ግን ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ አባቷ ሄዳ ከፊታቸው ተንበረከከችና ሁለቱን ወረቀቶች በጉልበታቸው ላይ አኖረች።

«አባባ፣ ይህ የቀብሩ ነው፤ ይህ ትናንት የጻፍኩት ነው» አለች በዝግታ። «አዲሱን ያለ እርስዎ ፈቃድ አላነበውም። የቀብሩን ግን ደግሜ ማንበብ አልችልም። እርስዎ ካልፈቀዱ ዛሬ ምንም ሳይነበብ ይቅር።»

አቶ እሸቴ መነጽራቸውን አወጡ። ለዘመናት መዝገብ እንዳነበቡት ሁሉ ጣታቸውን በየመስመሩ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። ከተሰረዘው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ስረዛው ቀጭን ስለነበር ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል።

«ይህን ለምን ሰረዝሽው?»

ማስተዋል ለመዋሸት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እማዬ ነገረችኝ።»

አዳራሹ ውስጥ ወሬው ቀስ በቀስ ሞተ። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ንባቡን ነው። አቶ እሸቴ በአገጫቸው ወደ ሐምዛ አመለከቱ። «ያን ልጅ ጥሪልኝ።»

ሐምዛ መጥቶ ጎንበስ አለ። «አቤት ጋሼ።»

«ስትዘፍን ያማት ነበር?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ከማስተዋልና ከእርሱ በቀር የሰማ የለም። «ጉሮሮዋን ማለቴ ነው።»

ሐምዛ ወደ ማስተዋል አየ፤ ከፊቷ የሚረዳው ነገር ስላላገኘ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። «አንዳንድ ቀን፣ ጋሼ። ብርድ ሲሆን ያማታል። ያኔ ለብ ያለ ውሃ ጠጥታ እንደገና ትጀምራለች። ይብቃሽ ስንላት አትሰማንም።»

«በሰው ታማርር ነበር?»

«አይ። አንድ ቀን ይህ ድምፅሽ ከየት መጣ ብዬ ጠይቄያት ነበር። እንጃ፣ ራሴን ሳውቀው እንዲህ ነበር አለችኝ።»

«ትዝ አይላትም ነበር» አሉ አቶ እሸቴ፤ ለማን እንደተናገሩት አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የቀብሩን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው በኮታቸው ኪስ ከተቱና አዲሱን ለልጃቸው ዘረጉላት። «የተሰረዘውንም አንብቢው።»

ማስተዋል ወደ ፊት ወጣች። የልደቷን ዓመት፣ ኮተቤን፣ ትምህርት ቤቱን አነበበች። ዲፕሎማውንና ስምንቱን ወር አልዘለለችም፤ እነርሱም እውነት ነበሩ። ቀጥላ «ፀደንያ እሸቴ ድምፃዊት ነበረች» ስትል ከጥቁር ለባሾቹ አንዱ ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ፤ ከጓሮው በር አጠገብ የቆመችው ማዕዛ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ማስተዋል ቀና ሳትል ቀጠለች። «ለሰባት ዓመት ያህል በዚህ ሙያ...»

«ዘጠኝ ነው።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አቶ እሸቴ የወንበራቸውን መደገፊያ ይዘው ቆመዋል።

«ዘጠኝ ዓመት ነው» አሉ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። «አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች፣ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ሲል ሜዳው ላይ ዘፍናለች። ማንም አላየኝም፤ ከበሩ አጠገብ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰምቻታለሁ። መቆጠር ያለበት ከዚያ ነው።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ አልተቀመጡምም። ማስተዋል ብዕሯን ወንበሯ ላይ ትታው ነበርና ዙሪያዋን ፈለገች። አቶ ተወልደ የእድርተኛውን ስም የሚመዘግቡበትን ብዕር ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሰባቱን ሰረዘች፣ ከላዩ ዘጠኝ ብላ ጻፈች፤ ስትጽፍ አዳራሹ ውስጥ የብዕሩ ጫፍ ይሰማ ነበር። አባቷ ከቆሙበት ሆነው ቁጥሩ መስተካከሉን እስኪያዩ ጠበቁ፤ ካዩ በኋላ ተቀመጡ።

ማስተዋል ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው አነበበችው።